ቧንቧው ሲደርቅ መዝገቡ ይከፈት

ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ አምባ ጊዮርጊስ ትገኛለች። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3 ሺህ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደገኛ ከተማ ናት። ብርዷ የታወቀ ነው፤ የዙሪያዋ ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንችና በግም እንዲሁ። በዚህ ደጋ ላይ የሚወርደው ዝናብ አንድ መንገድ ብቻ ይዞ አይሄድም። በደቡብ በኩል የወረደው መገጭን ይዞ ጣና ሲገባ፣ በሌላው ወገን የወረደው ወደ ተከዜ ይወርዳል። ወገራ ማለት ለሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች ውኃ የሚያድል ሰገነት ማለት ነው።

እንዲህ ባለው ሰገነት ላይ የተቆረቆረ ከተማ ነዋሪ በጋው ሲገፋ ጀሪካን ደርድሮ ቦኖ ላይ ሲያድር ማየት ለጎብኚ እንቆቅልሽ ይሆንበታል። ለነዋሪው ግን እንቆቅልሽ አይደለም። በሰሜኑ ደጋ ያሉ ከተሞች የውኃ ችግር በየስብሰባው ይነሳል፣ መልስ ይሰጥበታል፣ በሚቀጥለው ስብሰባም እንደገና ይነሳል። መልሱ ሁልጊዜ ምክንያት ነው። ችግሩ ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያት መናገርና ተጠያቂ መሆን አንድ ተደርገው ተቆጥረዋል።

ስለ ምክንያቱ ከመነገሩ በፊት ግን የውኃ መጥፋት በዚህ ገጽ ላይ የሚነሳው ለምን እንደሆነ ማስረዳት ይገባል። የደጋ ከተማ ነዋሪ ግማሽ ጎኑ ገበሬ ነው። በግቢው ላም ያስራል፣ ለበዓል በግ ያደልባል፣ ዶሮ ያረባል፣ ከጓሮው ጎመንና ድንች ይተክላል። አንዲት የሀገረሰብ ላም እንደ አየሩና እንደ መኖዋ በቀን ከ25 እስከ 40 ሊትር ውኃ ትጠጣለች። የተዳቀለችና የምትታለብ ከሆነች ደግሞ የዚህን እጥፍ ልትፈልግ ትችላለች። በጀሪካን ሲሰላ ለአንዲት ላም ብቻ በቀን ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ጀሪካን ማለት ነው። ወተት ከመቶ 87 እጁ ውኃ በመሆኑ፣ የጠማት ላም ከሁሉ አስቀድማ የምትቀንሰው ወተቷን ነው። የታለበውም ቢሆን ጡቷ በንጹሕ ውኃ ካልታጠበ፣ ዕቃውም በሚገባ ካልተለቃለቀ ገበያ ሳይደርስ ይኮመጥጣል።

ጉዳቱ በከተማው አጥር ውስጥ አይቀርም። በገበያ ቀን ገብሱን በአህያ ጭኖ የሚመጣው አርሶ አደር ከሚጠብቁት ገዢዎች መካከል ጠላ ጠማቂዎች ይገኙበታል። ብቅል ለማብቀል ገብስ መዘፍዘፍ አለበት፣ ጌሾውም ጋኑም ውኃ ይፈልጋል። ቧንቧው ለሳምንት ከደረቀ ጠማቂዋ ውኃውን በውድ ገዝታ ትጠምቃለች፤ ካልሆነላትም ሥራዋን ትተዋለች። በሁለቱም መንገድ ገብሱ ላይ የምታወጣው ገንዘብ ይቀንሳል። ሻይ ቤቱና ምግብ ቤቱም ባቄላውን፣ ድንቹንና ሽንኩርቱን የሚገዙት ማብሰያና ማጠቢያ ሲኖራቸው ነው። የከተማው ቧንቧ መድረቅ እስከ ገጠሩ ጎተራ ድረስ ይሰማል።

የልጆችና የሴቶችን ጉልበት ማንም ቆጥሮት አያውቅም። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን የተቀመጠው የሀገሪቱ መለኪያ፣ ለገጠር ነዋሪ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር፣ በሕዝብ ብዛት በመጨረሻው እርከን ላይ ላሉት ትንንሽ ከተሞች ነዋሪ ደግሞ በ250 ሜትር ውስጥ በቀን 40 ሊትር እንዲደርስ ይል ነበር። አምስት ቤተሰብ ላለው ቤት ይህ ዝቅተኛው መጠን አሥር ጀሪካን ነው። ላሚቱ ስትጨመር አሥራ ሁለት። ይህን በጀርባ ተሸክማ የምታመላልስ ልጅ ትምህርት ቤት የምትደርሰው ስንት ሰዓት ላይ ይሆን?

አሁን ወደ ምክንያቶቹ እንመለስ። ውኃ ሲጠፋ በየከተማው የሚሰማው መልስ ተመሳሳይ ነው፦ መብራት ስለሌለ ነው፤ ሞተሩ ተቃጥሎ ነው፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም፤ መስመር ተሰብሮ ነው፤ በጸጥታው ምክንያት መለዋወጫ ማምጣት አልተቻለም፤ የጉድጓዱ ውኃ ቀንሷል። ከእነዚህ መካከል ፍጹም ሐሰት የሆነ የለም። በክልሉ ያለው የጸጥታ ሁኔታ የዕቃና የባለሙያ እንቅስቃሴን እንዳከበደው ማንም ያውቃል። የኤሌክትሪክ መቆራረጥም የውኃ አገልግሎቶች የፈጠሩት አይደለም። ነገር ግን እውነት የሆነ ምክንያት ሁሉ በቂ መልስ አይሆንም።

"ሞተሩ ተቃጠለ" የሚለውን ለምሳሌ እንውሰድ። በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚሠራ ሞተር ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በሦስት ፌዝ ኃይል ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲቋረጥ ወይም ኃይሉ ሲዋዥቅ ሞተሩ ይግላል፣ መጠምጠሚያው ይቃጠላል። የጉድጓዱ ውኃ ከሞተሩ በታች ወርዶ አየር መሳብ ሲጀምርም እንዲሁ። ለሁለቱም መከላከያ አለ። ኃይሉ ሲዛባ ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያና የውኃውን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ይገጠማል፤ ዋጋቸውም ከአዲስ ሞተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ስለዚህ ሞተሩ ተቃጠለ ሲባል ጥያቄው ገና መጀመሩ ነው። መከላከያው ተገጥሞ ነበር ወይ? ተገጥሞ ከነበረ፣ እያጠፋ አስቸገረን ተብሎ በሽቦ ታልፎ አልነበረም ወይ? በመጋዘን ተጠባባቂ ሞተር አለ ወይ? ከሌለ የግዢ ጥያቄው የተጻፈው መቼ ነው? ማንስ ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን ቆየ? ለእነዚህ መልስ የሚሰጥ ኃላፊ ተጠያቂ ኃላፊ ይባላል። "ሞተሩ ተቃጥሎ ነው" ብሎ የሚቀመጥ ግን ነዋሪው በዓይኑ ያየውን መልሶ እየነገረው ነው።

እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ልዩ ጥናትም፣ የውጭ አማካሪም አያስፈልግም። በእያንዳንዱ የውኃ ማመንጫ ሊኖር የሚገባው አንድ መዝገብ አለ። ኦፕሬተሩ ሞተሩን ያስነሳበትንና ያጠፋበትን ሰዓት፣ የቆጣሪውን ንባብ፣ መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ጊዜ ይጽፍበታል። በዚህ መዝገብና በሒሳብ ክፍሉ መካከል ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ በወሩ ውስጥ ሞተሩ የሠራባቸው ሰዓታት፣ የተመረተው ውኃ በሜትር ኪዩብ፣ ለደንበኞች ተሸጦ ሒሳብ የተጠየቀበት ውኃ በሜትር ኪዩብ። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙ ይናገራሉ። መብራት በነበረባቸው ሰዓታት ሞተሩ ካልሠራ ችግሩ የመብራት አይደለም። የተመረተውና የተሸጠው በእጅጉ ከተራራቁ ውኃው የጠፋው ከመሬት በታች በተሰበረ ቧንቧ፣ ወይም ቆጣሪ በሌለው መስመር፣ ወይም በማያነብ ቆጣሪ ነው። ምርቱ እየቀነሰ ሰዓቱ ካልቀነሰ ደግሞ ጉድጓዱ ራሱ እየደከመ ነው፤ ያኔ ሌላ ጉድጓድ ይታሰብ ማለት ያስኬዳል። ሦስቱ ቁጥሮች በየወሩ በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ። አንድ ወረቀትና ሙጫ ነው የሚጠይቀው።

ሒሳቡም ጉዳይ አለው። ውኃ በፈረቃ በሚለቀቅበት መስመር ቧንቧው ባዶ ሆኖ ሲቆይ አየር ይሞላዋል። ውኃው ሲለቀቅ ከፊቱ አየሩን እየገፋ ይመጣል፣ አየሩም የቆጣሪውን መዘውር ያሽከረክራል። ነዋሪው "ለፉጨቱ ነው የምከፍለው" ሲል ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን በፈረቃ በሚሠሩ የዓለም ከተሞች ሁሉ የታወቀ እውነት ነው። በመስመሩ ከፍ ከፍ ባሉ ቦታዎች የአየር ማስወጫ ቫልቭ በመግጠምና ውኃውን ቀስ አድርጎ በመልቀቅ ይቀንሳል። ውኃ ባልመጣበት ወር የመጣ ሒሳብ ላይ ደንበኛው አቤት ሲል "ቆጣሪው የቆጠረውን ክፈል" ማለት ግን ተገቢ አይደለም። የፈረቃው መዝገብ ካለ ቆጣሪውን ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ይቻላል። ከሌለ ጥፋቱ የደንበኛው አይደለም።

ከገንዘቡም የባሰ አለ። ባዶ የሆነ ቧንቧ ግፊት የለውም፤ የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ በዙሪያው ያለውን ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ከረጅም መቋረጥ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣው ውኃ ለመጠጥ አይሆንም፤ መደፋት ወይም ለሌላ ሥራ መዋል አለበት። ይህን ለነዋሪው የመንገር ግዴታ ያለበት የውኃ አገልግሎቱ ነው። ስንት ከተማ ላይ ተነግሮ ያውቃል?

ስለ መንገር ከተነሳ፣ ፈረቃ በራሱ ጥፋት አለመሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። ውኃ ሲያንስ መከፋፈል ግድ ነው። በፈረንጆቹ 2018 የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን ግድቦቿ ሊደርቁ ሲቃረቡ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ፈቅዳ ነበር። ነዋሪው የተሸከመው የከተማዋ አስተዳደር የግድቦቹን የውኃ መጠንና የከተማውን ፍጆታ በየጊዜው ለሁሉም ይፋ ያደርግ ስለነበር ጭምር ነው። ስንት እንደቀረ ያወቀ ሰው ይቆጥባል፤ መቼ እንደሚመጣ ያወቀ ሰው ጀሪካኑንም ጊዜውንም ያዘጋጃል። ሌሊት በስምንት ሰዓት ሳይታሰብ የሚለቀቅ ውኃ ግን የሚደርሰው ለነቃና ሮቶ ለሰቀለ ብቻ ነው። ድሃው ቤት ሲነጋ የሚያገኘው እርጥብ ቧንቧ ነው።

በዚህ ረገድ የከተማው ሰው ከገጠሩ የሚማረው መኖሩ ብዙም አይነገርም። በአማራ ክልል ገጠሮች ለዓመታት ሲሠራበት የቆየ አሠራር አለ። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ በተካሄዱ የገጠር ውኃ ፕሮጀክቶች፣ የውኃ ተቋም እንዲሠራላቸው የጠየቁ አርሶ አደሮች የራሳቸውን የውኃ ኮሚቴ ይመርጣሉ። የግንባታው ገንዘብም ለኮሚቴው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ይደርሰው ነበር፤ ተቋሙ ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል። ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚዋዋለው፣ ሒሳቡን ለማኅበረሰቡ የሚያወራርደው ኮሚቴው ነው። ከባለሙያ የሚጠበቀው ማማከር ነው። ገንዘቡ የማን እንደሆነ ስለሚታወቅ ቧንቧው ሲሰበር የሚጠየቀውም ይታወቃል። መዋጮው ስንት እንደተሰበሰበ፣ ለጥበቃው ስንት እንደተከፈለ፣ ለጥገና ስንት እንደቀረ ሰው ፊት ይነገራል። ያላወራረደ ገንዘብ ያዥ በሚቀጥለው እሑድ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከጎረቤቶቹ ጋር ይገናኛል፤ ማምለጫ የለውም።

የገጠሩ ኮሚቴ ሁሉ የተሳካለት ነው ማለት አይደለም። መለዋወጫ አጥቶ የቆመ የእጅ ፓምፕ በየቀበሌው ይገኛል። ቢሆንም ፊደል በወጉ ያልቆጠረ አርሶ አደር ሒሳብ የሚያወራርድበትን ሥርዓት፣ መሐንዲስና ሒሳብ ሠራተኛ ያለው የከተማ ውኃ አገልግሎት የሚያቅተው ለምንድን ነው?

መልሱ በከፊል ከአደረጃጀቱ ይመነጫል። የከተማ ውኃ አገልግሎቶችን በበላይነት የሚመራው ቦርድ ነው። የቦርዱ ሰብሳቢ በአብዛኛው የከተማው አስተዳደር ኃላፊ ሲሆን አባላቱም ከየጽሕፈት ቤቱ የተውጣጡ ናቸው። በወንበሩ ዙሪያ የደንበኞች ተወካይ ቢኖር እንኳ ማን እንደመረጠው ደንበኞቹ የሚያውቁበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚጠይቀውና የሚጠየቀው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ይመካከራሉ፤ ባለጉዳዩ ደጅ ነው። ቦርዱ በሦስት ወር አንድ ጊዜ እንኳ በሩን ከፍቶ፣ ከላይ የተጠቀሱትን ሦስት ቁጥሮች አስቀምጦ፣ ነዋሪውን ቢያወያይ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ሕጉ ከነዋሪው ጋር ነው። የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ማንኛውም ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል። በአንቀጽ 90 ደግሞ የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ፖሊሲዎች ሁሉም ኢትዮጵያዊ ንጹሕ ውኃ እንዲያገኝ ማለም እንዳለባቸው ይገልጻል። "አቅም በፈቀደ መጠን" የምትለው ሐረግ ለብዙ ኃላፊዎች መጠለያ ሆናለች። አቅም እንዳነሰ ማሳየት የሚቻለው ግን ያለውን አቅም በምን ላይ እንዳዋሉት በቁጥር በማስረዳት ነው። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለመጠጥና ለቤት አገልግሎት የሚውል ውኃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ቅድሚያ እንዲሰጠው ይደነግጋል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ም ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ የተጠየቀውም አካል በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት እንዳለበት ይናገራል። የሞተሩ መዝገብ የመንግሥት ምስጢር አይደለም። ከደንበኞች መካከል አንድ ሰው "የየካቲትን የፓምፕ መዝገብ አሳዩኝ" ብሎ በማመልከቻ ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ ቢከለከል ደግሞ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይችላል።

ተጠያቂነቱ በውኃ አገልግሎቱ በር ላይ አያበቃም። የግብርናው ዘርፍም ድርሻ አለው። ለዚህ ከጎንደር ከተማ የበለጠ ማስረጃ የለም።

የጎንደር ነዋሪ ለዓመታት በፈረቃ የሚመጣን ውኃ ሳምንታት እየጠበቀ እንደኖረ የታወቀ ነው። ከተማዋ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ያለች ናት። በቀሃ ውኃ የሚሞላው የፋሲል መዋኛ ዛሬም በየጥምቀቱ ሕዝቡን ይሰበስባል። ለመጠጥ የተገነባው የአንገረብ ግድብ ግን ከታሰበለት ፍጥነት በላይ በደለል እየተሞላ የመያዝ አቅሙ ቀንሷል፤ የሕዝቡ ቁጥር በአንጻሩ በብዙ እጥፍ አድጓል። ደለሉ ከየት መጣ? ከግድቡ በላይ ካሉት ተዳፋት ማሳዎች፣ ከተራቆቱ የግጦሽ መሬቶች፣ በየዓመቱ እየሰፉ ከሚሄዱ ቦረቦሮች ነው። ሐምሌ ላይ ከገብስ ማሳ የታጠበ አፈር መጋቢት ላይ የከተማ ቧንቧ ያደርቃል። አርሶ አደሩ አፈሩን ያጣል፣ ከተሜው ውኃውን ያጣል፤ ሁለቱ ግን አንድ ላይ ተቀምጠው ስለ ጉዳዩ ተወያይተው አያውቁም።

ለጎንደር ውኃና በደምብያ ሜዳ 17 ሺህ ሄክታር ለሚያህል መሬት መስኖ ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብ ግንባታው የተጀመረው በ2005 ዓ.ም ነው። በጥቂት ዓመታት ያልቃል ተብሎ የተጀመረ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። የዚህ መዘግየት ተጠያቂነት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። እዚህ ላይ ሊነሳ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ የመገጭ ውኃ የሚነሳው ከዚሁ ከወገራ ደጋ ሥር ነው። የላይኛው ተዳፋት አሁን ባለበት ሁኔታ ከቀጠለ፣ አንገረብን የሞላው አፈር የመገጭንም መንገድ ያውቀዋል።

በላይኛው ተፋሰስ ያለውን አርሶ አደር መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍርደ ገምድልም ነው። ከጥማድ የማይበልጥ ማሳ ላይ እርከን ሲሠራ ከመሬቱ የተወሰነው ይያዝበታል፣ በእርከኑ ሥር አይጥ ይራባል፣ ለበሬ መዞሪያ ይጠበዋል። ልቅ ግጦሽ ይቁም ሲባል መኖውን ከየት እንደሚያመጣ የሚመልስለት ይፈልጋል። በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ በሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ጉልበቱን ያለ ክፍያ ይሰጣል። የጉልበቱን ውጤት የሚጠጣው ደግሞ ከታች ያለው ከተማ ነው። ከተሜው ከሚከፍለው የውኃ ሒሳብ ላይ ወደ ላይኛው ተፋሰስ የሚመለስ ሳንቲም ግን የለም።

ጎረቤት ኬንያ ይህን ሞክራዋለች። ናይሮቢ አብዛኛውን ውኃዋን የምታገኘው ከታና ወንዝ የላይኛው ተፋሰስ ነው፤ ስሙ ከእኛው ጣና ጋር ቢቀራረብም ወንዙ የእነርሱ ነው። በዚያም ከቡናና ከሻይ ማሳዎች የሚታጠበው አፈር የከተማዋን የውኃ ማጣሪያ ሲያስቸግር ኖሯል። በፈረንጆቹ 2015 በይፋ በተጀመረው የውኃ ፈንድ የከተማዋ ውኃ ድርጅትና ውኃ የሚጠቀሙ ኩባንያዎች ገንዘብ እያዋጡ፣ የላይኞቹ አርሶ አደሮች እርከን እንዲሠሩ፣ በማሳ ጠርዝ የመኖ ሣር እንዲተክሉ፣ የዝናብ ውኃ ማቆሪያ እንዲቆፍሩ ይደገፋሉ። ሣሩ አፈር ይይዛል፣ ላሚቱም ትበላዋለች። አርሶ አደሩ የሚሠራው ለናይሮቢ ብሎ ሳይሆን ጥቅሙን ስላየ ነው። በእኛም ሀገር ከውኃ ታሪፍ ላይ ጥቂት ሳንቲም ለተፋሰሱ የሚመደብበትን መንገድ የክልሉ ውኃና ግብርና ቢሮዎች ተቀምጠው ሊያዩት ይገባል። ከዚያ በፊት ግን ከተሜው አሁን የሚከፍለው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ሊያውቅ ይገባል፤ ያልታመነ ታሪፍ ላይ አንድ ሳንቲም መጨመር ቁጣ እንጂ እርከን አያመጣም።

ነዋሪውና መንግሥታዊ ተቋማትም ከጥያቄ አያመልጡም። ሒሳብ ሳይከፍሉ ዓመት የሚያስቆጥሩት ድሆች ብቻ አይደሉም፤ በጀት ያላቸው ጽሕፈት ቤቶችም ይገኙበታል። ከዋናው መስመር በስውር የሚቀጥል ሰው ጎረቤቱን እያስጠማ ነው፤ ጎረቤቱም አይቶ ዝም ይላል። የታሪፉ ገቢ የሞተር መለዋወጫና የኦፕሬተር ደመወዝ ካልሸፈነ አገልግሎቱ ከእጅ ወደ አፍ ይሆናል። ያልከፈሉ ተቋማት ስም ዝርዝርም ከሦስቱ ቁጥሮች አጠገብ ይለጠፍ።

በጥር የተፋሰስ ዘመቻው ሲጀመር፣ በየዕለቱ ማታ ስንት ኪሎ ሜትር እርከን እንደተሠራና ስንት ሰው እንደተሳተፈ ሪፖርት ይቀርባል። ይህ ቁጥር በየዓመቱ ይደመራል፤ ከእርከኑ በታች ያለው ውኃ ግን አይለካም። በዘንድሮው ሪፖርት ላይ አንድ ዓምድ ቢጨመር መልካም ነው፦ ከለማው ተፋሰስ ሥር ያለው ምንጭ በግንቦት፣ ውኃው እጅግ በሚያንስበት ወር፣ አንድ ጀሪካን በስንት ደቂቃ ይሞላል? በሚቀጥለው ግንቦትስ? ለዚህ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የሚያስፈልገው ጀሪካንና የእጅ ሰዓት ነው። የምንጩ ደቂቃ በግብርና ጽሕፈት ቤቱ፣ የሞተሩ ሰዓት በውኃ አገልግሎቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የገበያ ቀን ገብሱን ሸጦ የሚመለሰው አርሶ አደርም፣ ጀሪካን ይዛ የምታልፈው ተማሪም ቆመው ያንብቡት።